መሣሪያው የቀጣሪው፣ ጣጣው የጠባቂው
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ደብዳቤዎች ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከቡሬ፣ ከመርዓዊ፣ ከዳንግላና ከሞጣ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ጥበቃ ሥራ ነው። ሥራው ለጎጃም ልጅ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ደላላው "ሴኩሪቲ" ብሎ ስሙን ከፍ፣ አገሩን ራቅ ማድረጉ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፣ የጸሐፊዎቹን ስምም ትተናል።

ጥያቄ፦ ሃምሳ አለቃ ሆኜ 11 ዓመት አገልግዬ ተሰናብቻለሁ። አንድ ሰው ኢራቅ ውስጥ የአሜሪካኖች ካምፕ ጥበቃ አለ፣ በወር 1,500 ዶላር ይከፈላል፣ ለፕሮሰስ 150 ሺህ ብርና ፓስፖርትህን አምጣ ይለኛል። በሬዎቼን ልሸጥ ተነስቻለሁ። እውነት ከሆነ እንዳያመልጠኝ፣ ውሸት ከሆነ እንዳልከስር ምን ልመርምር? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሃምሳ አለቃ፣ በሬዎቹ ይቆዩ። ሰውየው የጠየቀው ገንዘብ ራሱ ብዙ ይናገራል። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ጉዞ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ሽፋን ወጪ የአሠሪው ነው። ከእርስዎ ኪስ የሚወጣው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ለሙያ ብቃት ማረጋገጫና ከወንጀል ነፃ ለመሆን ማስረጃ የሚከፈለው ነው። እሱም በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ደረሰኝ ይቆረጥለታል እንጂ ሻይ ቤት ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው አይሰጥም። ሠራተኛ የሚልከው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ነው፤ የሚልከውም ኢትዮጵያ የሥራ ስምሪት ስምምነት ወደ ተፈራረመችበት አገር ነው። እንግዲህ ቀድመው የኤጀንሲውን ስምና የፈቃዱን ቁጥር ይጠይቁ። "እኔ በግሌ ነው የማስገባው" ካለዎት ወሬው እዚያው ላይ አለቀ።

በአሜሪካኖቹም በኩል ቢሄዱ ነገሩ ያው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ በሚከፍልበት ውል ተቋራጩም ሆነ ከሥሩ ያለው ንዑስ ተቋራጭ ከሠራተኛ የምልመላ ክፍያ መቀበልም ሆነ ፓስፖርት መያዝ ተከልክሏል። ስለዚህ ሰውየው ወይ ካምፑን አያውቀውም፣ ወይ የሚያውቀው ድርጅት ገና ከበሩ ሕግ እየጣሰ ነው።

ትክክለኛ ቅጥር የመጣ እንደሆነ ደግሞ ሰንሰለቱን ይዩ። ከላይ ዋናው ተቋራጭ፣ ከሥሩ ንዑስ ተቋራጭ፣ ከዚያ በታች ሰው አቅራቢ አለ። እርስዎን የሚያስፈርምዎት አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ነው፤ ደመወዝ ሲዘገይ "ከላይ አልተለቀቀም" የሚለውም እሱው ነው። የሦስቱንም ስም በጽሑፍ ይቀበሉ። ከዚያ ዋናው ተቋራጭ መቀመጫው ጄኔቭ በሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በተቋቋመው የግል ጥበቃ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ ማኅበር የአባላት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ኢንተርኔት ላይ ያስፈትሹ። ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ነው። አባልነት የጽድቅ ወረቀት አይደለም፤ ግን አቤት የሚባልበት ደጅ አለ ማለት ነው።

ውሉ ላይ ዓይንዎ የሚያርፍበት የመጀመሪያው መስመር የሥራ ቦታው ይሁን። የከተማው ወይም የካምፑ ስም ተጽፎ መታየት አለበት። "ድርጅቱ በሚመድበው ማንኛውም ቦታ" የሚል ካለ እንዲሰረዝ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ አይፈርሙ። ይህን አጥብቀን የምንለው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ማብቂያ እስከ 2020 መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሱዳናውያን ለጥበቃ ሥራ ተብለው ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሄዱ። እዚያ ወታደራዊ ሥልጠና ተሰጣቸውና ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሊቢያ፣ ራስ ላኑፍ የተባለው የነዳጅ ወደብ ላይ ራሳቸውን አገኙት። ቀጥሎ የሥራውን ዓይነት ይመልከቱ። በር ላይ መቆምና ተሽከርካሪ ማጀብ አደጋቸውም ክፍያቸውም አንድ አይደለም። ከመኖሪያ ወደ ሥራ በምን እንደሚመላለሱም ይጠይቁ፤ ጥይት የማይበሳው መኪና ነው ወይስ ተራ ሚኒባስ? ሰኔ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ካቡል ውስጥ የካናዳን ኤምባሲ የሚጠብቁ የኔፓልና የሕንድ ተወላጆች ወደ ሥራ ሲሄዱ በአጥፍቶ ጠፊ የተገደሉት በሩ ላይ ሳሉ አይደለም፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ስለ ካሣ ደግሞ ይህን ይወቁ። በአሜሪካ መንግሥት ውል ከአገሩ ውጭ የሚሠራ ሰው፣ ዜግነቱ የየትም ይሁን፣ ዲፌንስ ቤዝ አክት የሚባለው እ.ኤ.አ. የ1941 የአሜሪካ ሕግ ይሸፍነዋል። ጉዳት ሲደርስ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ ማስታወቅ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ መሥራት ላቃተው ከአማካይ ሳምንታዊ ደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ይከፈለዋል። ሰውየው ቢሞት ሚስት ግማሹን፣ ልጅ ካላት ሁለት ሦስተኛውን ታገኛለች። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ሁሉ ከሟቹ ጋር ካምፕ ውስጥ ይቀርና ቤተሰብ ማንን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ ዓመቱ ያልፋል። ከመነሳትዎ በፊት የውሉን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ፣ የመድን ድርጅቱን ስምና የፖሊሲውን ቁጥር ባለቤትዎ ዘንድ ያኑሩ። የሚያምኑት የተማረ ዘመድ ካለም አንድ ቅጂ ይስጡት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። "እዚያ ማንም አይከስህም" የሚል ካለ አይስሙት። በኢራቅ ለውጭ ተቋራጮች ተሰጥቶ የነበረው ያለመከሰስ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ቀርቷል። ከዚያ በፊትም ቢሆን፣ መስከረም 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ባግዳድ ኒሱር አደባባይ 17 ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉት የአሜሪካ ድርጅት ጠባቂዎች አራቱ በአገራቸው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ማብቂያ ምሕረት ያገኙት ከፕሬዚዳንታቸው ነው። ለጎጃም ሰው እንዲህ ያለ ፕሬዚዳንት ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ መጋዘን እጠብቃለሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሳምንቱን ሙሉ። ደመወዜ 5,200 ብር ነው። ኤጀንሲው "የጥበቃ ሥራ ኦቨርታይም የለውም" ይላል። እውነት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድማችን፣ እውነት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል፤ ዘበኛን ለይቶ አላወጣም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ሰዓት ይመጣል። 5,200 ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓትህ ዋጋ 25 ብር ነው። ከምሽቱ 12 ጀምረህ ስምንት ሰዓት የሚሞላህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ያሉት 4 ሰዓታት ትርፍ ናቸው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ስለሚባዛ በሌሊት 175 ብር ነው፤ በ26 ሌሊት 4,550 ብር ይሆናል። የሳምንት ዕረፍትህ ላይ የሠራኸው ደግሞ በ2 ይባዛል፦ 12 ሰዓት በ50 ብር 600 ብር፣ በወር አራቴ 2,400 ብር። ድምሩ 6,950 ብር፣ ከደመወዝህ በላይ ማለት ነው። የሕዝብ በዓል ካለበት የዚያ ቀን ሰዓት በ2.5 ይባዛል።

ሌላም አለ። ሕጉ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ አድርጎታል። የአንተ በስድስት ሌሊት ብቻ 24 ነው። ስለዚህ መከፈሉ ብቻ አይበቃም፤ ፈረቃው ራሱ መቀየር አለበት፣ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። "24 ሠርተህ 48 ታርፋለህ" የሚለው የተለመደው አሠራር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ሲሰላ በሳምንት 56 ሰዓት ነው፣ 8ቱ ትርፍ።

አሁን የሚያጣድፈው ነገር ይርጋው ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል። ዓመት ጠብቀህ ሥራ ስትለቅ የምትጠይቅ ከሆነ ግማሹ ሄዷል። ለኤጀንሲው በጽሑፍ ጠይቅና ቅጂው ላይ አስፈርም። ካልመለሱ ለከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ተቆጣጣሪ አመልክት፣ ቀጥሎ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት።

ማስረጃህ የተረኛ መዝገቡ ነው። በየሌሊቱ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት ጻፍ፣ ተረካቢውን አስፈርም፣ ገጹን በስልክህ አንሳ። "ሰላም አድሯል" ብቻ ብሎ መፈረም ልማድ ሆኗል፤ ይህ ጽሑፍ ዕቃ የጠፋ ዕለት በአንተው ላይ ይመሰክራል። እንዲህ ይጻፍ፦ "ከሌሊቱ 7:20፣ የምሥራቁ አጥር አምፖል ጠፍቷል፣ ለፈረቃ ኃላፊ በስልክ ተነግሯል። ከሌሊቱ 9:00፣ የመጋዘን 2 ቁልፍ ተፈትሿል፣ አልተነካካም።" በእርሳስ አይጻፍም፣ ባዶ መስመር አይተውም፣ የተሳሳተው በአንድ ሰረዝ ይሰረዝና ጎኑ ላይ ይፈረማል። ተተኪ ሳይመጣ መንገድ ተዘግቶ ሁለተኛ ፈረቃ ካደርክ ያንንም ከነምክንያቱ ጻፍ። ዕቃ ጠፋ ብሎ አሠሪው እንደፈለገ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በአንተ የጽሑፍ ስምምነት መሆን አለበት፤ ቅናሹም ከደመወዝህ ሲሶ አያልፍም። ከባዶ ወረቀት ላይ ፊርማ ተጠንቀቅ፤ "የጽሑፍ ስምምነት" ሆኖ የሚመጣው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የእህል መጋዘን ጠባቂ ነኝ፣ ድርጅቱ ክላሽ ሰጥቶኛል። ሌባ ጆንያ ተሸክሞ ሲሮጥ ብተኩስ ያስጠይቀኛል? (ከቡሬ)

መልስ፦ ያስጠይቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚቀበለው ጥቃቱ ያኔ እየደረሰ ወይም ሊደርስ ሲል፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል፣ አጸፋውም ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥ ሰው አንተን እያጠቃ አይደለም፤ ጆንያ ጤፍ ደግሞ ከነፍስ ጋር አይመዘንም። ሮጦ መያዝ ከቻልክ ያዝና ሳትዘገይ ለፖሊስ አስረክብ። ካልቻልክ መልኩን፣ የለበሰውን፣ የሄደበትን አቅጣጫ መዝግብ።

የመሣሪያው ፈቃድ በድርጅቱ ስም መሆኑን፣ የፈቃዱ ቅጂም በጥበቃ ቤቱ መኖሩን አረጋግጥ። ፍተሻ ሲመጣ በእጁ የተገኘበት አንተ ነህ።

ሳትጠይቀን የምንጨምረው ርክክቡን ነው፤ የጥበቃ ቤት አደጋ የሚበዛው ከሌባ ጋር ሳይሆን ፈረቃ ሲቀያየር ስለሆነ። አፈሙዙ አሸዋ ወደ ተሞላ በርሜል ወይም የአሸዋ ከረጢት ይዙር። መጀመሪያ ካዝናው ይነቀል። ከዚያ መጠበቂያው ወደ ታች ይውረድ፤ ወደ ላይ እንዳለ ማቀባበያው እስከ መጨረሻ አይሳብልህም። ማቀባበያውን ሳብና ያዝ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንህ እይ፣ ጨለማ ከሆነ በትንሽ ጣትህ ዳብስ። ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ልቀቅ፣ አፈሙዙ ከአሸዋው ሳይነሳ ቃታውን አንዴ ሳብ፣ መጠበቂያውን መልሰህ ወደ ላይ አድርግ። ሰው የሚሞተው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው፦ ካዝናው ሳይነቀል ማቀባበያው ከተሳበ አንዱ ጥይት ቢወጣም ሌላው ይጎርሳል፣ ሰውየው "አውጥቻለሁ" ብሎ ቃታ ይስባል። ሲሚኖፍ ከሆነ የሚነቀል ካዝና የለውም፤ ከሥሩ ያለው መክፈቻ ሲለቀቅ አሥሩም ጥይት ይረግፋል፣ ከዚያ ያው ነው። ጥይቱ ተቆጥሮ፣ የመሣሪያው ቁጥር ከብረቱ ላይ ተነቦ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ካለፈው ገጽ አይገለበጥም።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የሚያመላልስ መኪና እናጅባለን። ያገለገለ የጥይት መከላከያ ሰደርያ ተሰጠን። ክላሽ ያቆማል? (ከመርዓዊ)

መልስ፦ ሰደርያው ለስላሳ ብቻ ከሆነ አያቆምም። ከውስጥ የተሰፋውን ምልክት አንብቡ። በሮማውያን ቁጥር ሦስት ተጽፎ ኤ ፊደል ካለበት የሽጉጥ ጥይት ነው የሚይዘው፤ የክላሽ ጥይት ያልፈዋል። ለጠመንጃ ከፊትና ከኋላ ኪስ የሚገባ ጠንካራ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ይመዝናል። የሰሌዳው ላይኛ ጠርዝ ከአንገት ሥር ካለችው ጎድጓዳ ጋር ይስተካከል። ብዙዎች ስለሚከብድ ያላሉትና ሆድ ላይ ይወርዳል፤ ልብና ሳንባ ተጋልጦ እምብርት ይጠበቃል። የሴራሚክ ሰሌዳ ከወደቀ ከውጭ ሳይታይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለስላሳው ክፍል አይታጠብም፣ እርጥብ ሆኖ አይታጠፍም፣ የአምራቹ ዋስትናም አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ነው፤ ቀኑ ምልክቱ ላይ አለ።

ከሰደርያው እኩል የሚያድነው የደም ማሰሪያ ነው። እጅ ወይም እግር ሲመታ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል፤ ሐኪም ሳያይ አይፈታም። ያማል፤ ስላመመ ማላላት ነው የሚገድለው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ለሴት ጥበቃ ይፈልጋሉ ይባላል። ጠመንጃ መያዝ ይጠይቃል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ እህታችን፣ የገበያ አዳራሽና የሆቴል ጥበቃ እዚያ ያለ መሣሪያ ነው። ሴት የሚፈለገው ሴትን የምትፈትሽ ሴት ስለሆነች ነው። ዱባይ ላይ ሲራ የሚባለው የጥበቃ ዘርፍ ተቆጣጣሪ ያዘጋጀውን ሥልጠናና ፈተና አልፎ መታወቂያውን ያልያዘ ሰው በጠባቂነት አይቆምም። የሥልጠናው ወጪ በማን እንደሆነና መታወቂያው እስኪወጣ ደመወዝ ይኑር አይኑር ውሉ ላይ ይጻፍ። በጉብኝት ቪዛ ሄደሽ "እዚያ ይቀየራል" የሚልሽን አትከተይ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለመጋዘን ጥበቃ ተብሎ ሩሲያ ገባ። በቋንቋቸው የተጻፈ ውል ፈርሟል፣ አላነበበውም። ለአንድ ዓመት ነው ይለኛል። አሁን ስልኩ እየጠፋ ነው። ምን ላድርግ? (ከሞጣ፣ አንዲት እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ድምፁን ሲሰሙ ከሰላምታው ቀጥሎ የውሉን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ ፎቶ እንዲልክ ይንገሩት። መታየት ያለበት ከልጁ ጋር የፈረመው ማን እንደሆነ ነው። "ሚኒስቴርስትቮ ኦቦሮኒ" የሚል ካለበት የመከላከያ ሚኒስቴር ማለት ነው፤ ልጅዎ ዘበኛ ሳይሆን ወታደር ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ከሆነ አንድ ዓመት የሚለውን አይመኑ። መስከረም 11 ቀን 2015 ዓ.ም. የወጣው የሩሲያ ፕሬዚዳንት ድንጋጌ የኮንትራት ወታደሮች ውል ክተቱ እስኪያበቃ ጸንቶ እንዲቆይ አድርጓል። "ሥራውን ልልቀቅ" ማለት እዚያ እንደ ኩብለላ ሊቆጠር ይችላልና ብቻውን ተነስቶ እንዳይወጣ ይምከሩት። ሞስኮ ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይደውል።

ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ወጣቶች ወረቀት ይዘው ሲሰለፉ ኤምባሲው ወታደር እንደማይመለምል መግለጹ ይታወሳል። ስለዚህ ልጁን "ኤምባሲው ነው የላከው" ያለ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ለፖሊስ ያስፈልጋል።

ውሉ ከመከላከያ ጋር ሳይሆን ከተራ ድርጅት ጋር ከሆነ መንገዱ ይቀላል፤ የሥራ ክርክር ነው፣ ፓስፖርቱ በእጁ እስካለ ድረስ መመለስ ይችላል።

ሁለት ሳምንት ድምፁ ከጠፋ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ ክፍል ያመልክቱ። በአቅራቢያዎ ያለውን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍም ይጠይቁ፤ በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አላቸው። የተማረከ ወታደር በሦስተኛው የጄኔቭ ስምምነት መሠረት ለቤተሰቡ ካርድ የመጻፍ መብት አለው፤ ካርዱ ሲመጣም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። ሲሄዱ የልጁን ስም እስከ አያት፣ የእርስዎን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ የፓስፖርቱን ቁጥር፣ አንድ ጉርድ ፎቶና መጨረሻ የተነጋገራችሁበትን ቀን ጽፈው ይያዙ። ስልክዎ ውስጥ ያለውን ፎቶ ግን ዛሬውኑ ከተማ ወርደው ያሳትሙት፤ ስልክ ይጠፋል።